የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልሞችን ለማጥናት የትኛው መንገድ ይሻላል? ስድስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

አንድ ሰው «ሙሴ በፊልም» በሚል ርዕስ ጥናት ሊጽፍ ተነሳ እንበል። ፊልሙን አይቶታል። ኦሪት ዘጸአትንም በደንብ ያውቃል። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንዱ ተመራማሪ ጥቅሱን ከትዕይንቱ ጋር ያመሳክራል። ሌላው ስለ ካሜራና ስለ መብራት ብቻ ያወራል። ሦስተኛው ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ይተነትናል፤ ሙሴ የት እንደገባ እስኪጠፋ ድረስ። አራተኛው ደግሞ ፊልሙን ትቶ ተመልካቾችን ሲጠይቅ ይውላል። ሁሉም ስለ አንድ ፊልም ነው የሚያወሩት፤ እርስ በርስ የሚደማመጡ ግን አይመስሉም።

ይህን የጻፍኩት እንዲህ ዓይነት ምርጫ ፊት ለቆመ ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ የጥናት ቡድን የሚመራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዝም ብሎ ማየት ያልበቃው ተመልካች። የትኛው ፊልም ከየትኛው እንደሚበልጥ አልናገርም። የምናወዳድረው የማጥኛ መንገዶችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፊልም ይመርጣል፤ ከዚያ ዘዴ ይፈልግለታል። ይሄ ሥራውን ከጅምሩ ያበላሻል። መቅደም ያለበት ጥያቄው ነው። ጥያቄው ከጠራ ዘዴውም ፊልሙም ተከትለው ይመጣሉ።

## በምን እንመዝናቸው?

አራት ነገሮችን እመለከታለሁ። አንደኛ፣ መንገዱ የሚመልሰው ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሁለተኛ፣ ምን እውቀት ይጠይቃል? ዕብራይስጥና ግሪክ ሳይችሉ ብዙ ርቀት የሚኬድበት መንገድ አለ፤ የማይኬድበትም አለ። ሦስተኛ፣ ጊዜና ቁሳቁስ ምን ያህል ይበላል? አራተኛ፣ የት ላይ ያሳስታል? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ቀድሞ ያወቀው ሰው ይዘለዋል።

ከዘዴዎቹ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጽሑፍ ዝም ማለት ይችላል፤ ካሜራ አይችልም። ወንጌሎቹ ኢየሱስ ምን እንደሚመስል አልጻፉም። ቁመቱን፣ የፊቱን ቀለም፣ የድምፁን ቃና የትም አናገኝም። ዳይሬክተሩ ግን የግድ አንድ ተዋናይ ይመርጣል። ያ ተዋናይ ደግሞ የራሱ ፊት፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ አነጋገር አለው። ስለዚህ «ቃል በቃል» የሆነ የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ዝምታውን ማን ሞላው? በምን ሞላው? ለምን? ስድስቱ መንገዶች የሚለያዩት ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጡት መልስ ነው።

## አንደኛ፦ ጽሑፉን ከፊልሙ ጋር ማመሳከር

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መጀመሩም ትክክል ነው። ወረቀቱን ለሁለት ትከፍላላችሁ። በአንዱ በኩል ጥቅሱን፣ በሌላው በኩል ትዕይንቱን ትጽፋላችሁ። የተጨመረውን፣ የተቀነሰውንና ቦታ የተቀያየረውን ምልክት ታደርጋላችሁ።

የሜል ጊብሰንን የ2004 ፊልም «የክርስቶስ ሕማማት» ውሰዱ። ማርቆስ 15፥15 ግርፋቱን «ኢየሱስንም ገርፎ» ብሎ ያልፈዋል። በቃ፤ ሌላ ዝርዝር የለም። ፊልሙ ግን ግርፋቱ ላይ ረጅም ደቂቃዎች ይቆያል። መሣሪያው ይቀየራል፣ ወታደሮቹ ይደክማሉ፣ ካሜራው ወደ እናቱ ፊት እየሄደ ይመለሳል። በሁለት ዓምድ ሲጻፍ ልዩነቱ ያስደነግጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ከመጽሐፉ ወጥቷል» ብለው ይዘጉታል። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን እዚያው ላይ ነው። የተጨመረው ነገር ከየት መጣ? ጊብሰን ከተጠቀመባቸው ምንጮች አንዱ በጀርመናዊቷ መነኩሲት በአን ካትሪን ኤመሪክ ራእዮች ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ያሰናዳው ገጣሚው ክሌመንስ ብሬንታኖ ሲሆን የታተመው በ1833 ነው። ጌቴሴማኒ ላይ ኢየሱስ እባቡን በእግሩ ሲረግጥ የምናየው ደግሞ በየትኛውም ወንጌል የለም፤ የዘፍጥረት 3፥15 ቃል ነው ወደ አትክልቱ ስፍራ የመጣው። ጭማሪው በዘፈቀደ የተለጠፈ አልነበረም። መነሻ ነበረው።

ሌላም አለ። «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» የሚለው የማቴዎስ 27፥25 ቃል በዚሁ ፊልም ውስጥ በአረማይክ ይሰማል፤ የግርጌ ትርጉሙ ግን አልተጻፈም። ይህ ጥቅስ በታሪክ ውስጥ አይሁድን ለማሳደድ ሲጠቀስ ኖሯል፤ በፊልሙም ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። የግርጌ ጽሑፉን ብቻ እያነበበ የሚያመሳክር ሰው «ቀርቷል» ብሎ ይጽፋል። ጆሮውን የሰጠ ሰው ግን እንዳልቀረ ያውቃል።

ማመሳከር ሌላም ነገር ያጋልጣል፤ ወንጌሎችን የማቀላቀል ልማድን። እረኞቹ ያሉት በሉቃስ 2 ነው። ሰብአ ሰገል ያሉት በማቴዎስ 2 ነው፤ የገቡትም «ወደ ቤት» ነው፤ ቁጥራቸውም አልተጻፈም። በብዙ ፊልሞች ግን እረኞችና ሦስት ነገሥታት በአንድ ሌሊት ግርግሙ ዙሪያ ተሰብስበው እናያለን። አራቱ ወንጌላውያን የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ ለማስተማር ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላውቅም።

ወጪው ትንሽ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ፊልሙና ደብተር። ጉድጓዱ ደግሞ ስህተት ቆጠራ ነው። ሃያ ልዩነት ዘርዝሮ ማቆም ጥናት አይባልም። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ከሌሎቹ መንገዶች አንዱ መከተል አለበት።

## ሁለተኛ፦ የፊልሙን ቋንቋ ማንበብ

ካሜራው የት ቆመ? ብርሃኑ ከየት መጣ? የትኛው ሙዚቃ ገባ? ዝምታው መቼ ነው? ይህ መንገድ ፊልሙን እንደ ፊልም ያነበዋል።

ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የጣሊያናዊው የፒዬር ፓኦሎ ፓዞሊኒ የ1964 ፊልም ነው። ፓዞሊኒ የማቴዎስን ወንጌል ይዞ ንግግሩን በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ከጽሑፉ ወሰደ። በማመሳከር ብትመዝኑት ብዙ የምትሉት ነገር አይኖርም፤ ቃሉ ያው ነውና። ፊልሙ የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው። ተዋናዮቹ ሙያተኞች አይደሉም። የተቀረጸው በደቡብ ጣሊያን ድሃ መንደሮችና ኮረብታዎች ነው። አሮጊቷን ማርያም ሆነው የተጫወቱት የዳይሬክተሩ የራሱ እናት ናቸው። በማጀቢያው ውስጥ የጀርመናዊው አቀናባሪ የባኽ ሙዚቃ፣ የኮንጎ ቅዳሴ ዜማና የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙር አንድ ላይ ይሰማሉ።

የተራራው ስብከት ላይ ቆም በሉ። ሕዝቡን አናይም ማለት ይቻላል። የምናየው ፊት ብቻ ነው። ንግግሩ ይቀጥላል፤ ከፊቱ ኋላ ያለው ሰማይና ብርሃን ግን ይቀያየራል። ብዙ የአዲስ ኪዳን ሊቃውንት ከማቴዎስ 5 እስከ 7 ያለው ክፍል በተለያየ ጊዜ የተነገሩ ትምህርቶች ስብስብ እንደሆነ ያስባሉ። ፓዞሊኒ ያንን አስቦ ይሁን አይሁን፣ አቆራረጡ ያንኑ ያሳያል፦ አንድ ስብከት፣ ብዙ ቀን። ሁለት ዓምድ በያዘ ወረቀት ይህን መያዝ አይቻልም።

ለጀማሪ የምመክረው መልመጃ ዘጸአት 3 ነው፤ የሚቃጠለው ቁጥቋጦ። በ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» እግዚአብሔር በግርማ የሚያስተጋባ ድምፅ ነው። በ1998ቱ የአኒሜሽን ፊልም «የግብፁ ልዑል» የሙሴንም የእግዚአብሔርንም ድምፅ የሰጠው አንድ ተዋናይ ነው፤ ቫል ኪልመር። በሪድሊ ስኮት የ2014 ፊልም ደግሞ በትንሽ ልጅ በኩል ነው የሚናገረው። ሦስቱን አንድ ላይ ተመልከቱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ሙሴ ይህን ድምፅ እምቢ ለማለት ምን ያህል ይቀለዋል? የመለኮት ሥዕል ከፊልም ፊልም እንዴት እንደሚለወጥ ያኔ ይታያል።

ጥቂት የፊልም ሙያ እውቀት ያስፈልጋል፤ ግን በሁለት ሦስት ሳምንት ንባብ የሚያዝ ነው። አንድን ትዕይንት ደጋግሞ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጉድጓዱ? በካሜራው ውበት ተስቦ መጽሐፉን መርሳት።

## ሦስተኛ፦ የተሠራበትን ዘመን መመርመር

የ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» ዳይሬክተር ሴሲል ቢ. ዴሚል በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ራሱ ከመጋረጃ ፊት ወጥቶ ይናገራል። ሰዎች በእግዚአብሔር ሕግ ይተዳደሩ ወይስ እንደ ራምሴስ ባለ አምባገነን ፈቃድ? የመንግሥት ንብረት ናቸው ወይስ በእግዚአብሔር ሥር ያሉ ነፃ ነፍሳት? ትግሉ ዛሬም በዓለም ላይ እንደቀጠለ ይነግረናል። ቀዝቃዛው ጦርነት በተጋጋለበት ጊዜ ይህን የሰማ አሜሪካዊ ፈርዖን ማን እንደሆነ አልጠፋውም።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ስለ ጥንት ቢያወራም የሚጨነቀው ስለ ራሱ ዘመን ነው። ከ1934 እስከ 1968 በሆሊውድ ላይ የሠራውን የሥነ ምግባር ደንብ ሳያውቁ ደግሞ የዚያን ዘመን የዳዊትና የቤርሳቤህ፣ የሳምሶንና የደሊላ ፊልሞች መረዳት ይከብዳል። ምን ማሳየት እንደተከለከለ ያላወቀ ሰው፣ ያልታየውን ሁሉ የዳይሬክተሩ ምርጫ አድርጎ ይወስደዋል።

ፊልሙ ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ አደባባይ የሚገባበት ጊዜም አለ። ዴሚል አንድ የአሜሪካ ወንድማማች ማኅበር አሥርቱን ትእዛዛት በድንጋይ ሐውልት ቀርጾ በየከተማው ሲያቆም ዘመቻውን ደግፏል፤ ለፊልሙም ማስታወቂያ ሆኖለታል። ያው ማኅበር በ1961 ለቴክሳስ የሰጠው ሐውልት ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2005 በቦታው እንዲቆይ ተወስኗል። ጥሩ የጥናት ርዕስ የሚወጣው እንዲህ ካለ ቦታ ነው።

ቁሳቁሱ ግን ይከብዳል። የዘመኑን ጋዜጣ፣ ፖስተር፣ የስቱዲዮ ደብዳቤ ማገላበጥ ይጠይቃል፤ ማኅደር ለማግኘት አቅምም ፈቃድም ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ማድረግ ነው። ፊልሙና አንድ ክስተት ዓመታቸው ስለገጠመ ብቻ ተያያዙ ማለት አይደለም። ዴሚል ራሱ ተናግሮልናል፤ ሁሉም ዳይሬክተር ግን እንዲህ አይናገርም።

## አራተኛ፦ የአቀባበል ታሪክ

አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ፊልሙና መጽሐፉ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ነገሮች አይደሉም። በመካከላቸው ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ዓመት አለ፤ ስብከት፣ ሥዕል፣ መዝሙር፣ ድራማ፣ ተረት። ዳይሬክተሩ ታሪኩን የሚያገኘው እነዚህ ሁሉ ከነኩት በኋላ ነው። የአቀባበል ታሪክ ይህን ሰንሰለት ይከተላል።

መግደላዊት ማርያምን እንይ። ሉቃስ 8፥2 ሰባት አጋንንት የወጡላት ሴት ይላታል። አመንዝራ ናት የሚል ቃል በአራቱም ወንጌሎች የለም። በ591 ግን የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በስብከቱ ከሉቃስ 7ቷ ኃጢአተኛ ሴት ጋር አንድ አደረጋት። ምዕራባውያን ሠዓሊዎች ይህንኑ ይዘው ለዘመናት ሣሏት። በ1988ቱ የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ሴተኛ አዳሪ ሆና ትመጣለች። በጊብሰን ፊልም ደግሞ በዮሐንስ 8 ልትወገር ከነበረችው ሴት ጋር ተዋህዳለች። በ2018 በስሟ የተሠራው ፊልም ግን ይህን ሁሉ ይክዳል፤ መጨረሻው ላይ የ591ን ስብከት በጽሑፍ ጠቅሶ ያርማል። አሁን «ፊልሙ ተሳስቷል» ማለት ምን ማለት ነው? የተሳሳተው ስብከቱ ነበር። ፊልሞቹ የወረሱት ከእሱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቤርሳቤህ ናት። በ2ኛ ሳሙኤል 11 ታሪክ ውስጥ ከእሷ የምንሰማው አንድ መልእክት ብቻ ነው፦ «አርግዣለሁ»። ፈለገች አልፈለገች፣ ፈራች አልፈራች፣ ጽሑፉ ዝም ይላል። ንጉሡ አየ፣ ላከ፣ አስመጣ። በ1951ቱ «ዳዊትና ቤርሳቤህ» ግን ሴትየዋ ራሷ ትናገራለች፤ ንጉሡ ሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ታየው እንደነበረና ዓይኑ እንዲያርፍባት ተስፋ ታደርግ እንደነበር። በአንድ ንግግር ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዋ ቼሪል ኤክሰም በ1996 ባሳተመችው ሥራዋ ይህን ሰንሰለት ከጽሑፉ ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ ፊልሙ ተከትላዋለች። የምትጠይቀውም ከባድ ነው፦ ማን ነው የሚያያት? እኛስ ከማን ጋር ቆመን ነው የምናየው? ጽሑፉም ቢሆን ሰገነቱ ላይ ያቆመን ከዳዊት ጋር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ «መጽሐፍ ቅዱስ» ስንል የትኛውን እንደሆነ ይጠይቃል። ዳረን አሮኖፍስኪ በ2014 «ኖኅ»ን ሲያወጣ ድንጋይ ለብሰው መርከብ የሚሠሩት ግዙፍ ፍጡራን ብዙ ተመልካች አስቆጡ። «ይሄ ከየት መጣ?» ተባለ። ስማቸው የመጣው ከመጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ትጉሃን የተባሉት መላእክት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። ስለዚህ «በመጽሐፉ የለም» የሚለው ፍርድ በየትኛው ቀኖና እንደቆማችሁ ይወሰናል። ነገሩ እዚህም አያበቃም። በሄኖክ ትጉሃን በድለው የወረዱና የተቀጡ ናቸው። በፊልሙ ግን ለሰው ልጅ አዝነው የወረዱ፣ በመጨረሻም ወደ ሰማይ የሚመለሱ ናቸው። ዳይሬክተሩ ስሙን ወስዶ ፍርዱን ገልብጦታል። ሄኖክን ያነበበ ሰው ይህን ወዲያው ያያል፤ ያላነበበ ተቺ አያየውም።

በዚህ መስመር ያለ ሌላ ጠቃሚ ሐሳብ የተመራማሪው የላሪ ክራይትዘር ነው። ከ1993 ጀምሮ በጻፋቸው ሥራዎች ጉዞውን ገልብጦታል። ከመጽሐፉ ወደ ፊልሙ ብቻ አንሂድ፤ ፊልሙ ያነሳውን ጥያቄ ይዘን ወደ ጽሑፉ እንመለስ ይላል። ለጥናት ቡድን ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ዋጋው ንባብ ነው። ብዙ ንባብ። ዕብራይስጥና ግሪክ ቢያንስ በመዝገበ ቃላት ደረጃ ይረዳሉ። ጉድጓዱ ማስረጃ የሌለው ሰንሰለት መሥራት ነው። አንድ ትዕይንት አንድን ጥንታዊ ጽሑፍ ስለመሰለ ዳይሬክተሩ አንብቦታል ማለት አይቻልም። «ይመሳሰላሉ» እና «ከዚህ ወሰደ» የሚሉትን ለይቶ መጻፍ ግዴታ ነው። የ1956ቱ ፊልም ሥራውን ያቀልልናል። ዘጸአት 2 ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት ካደገ በኋላ ዘሎ ጎልማሳነቱ ላይ ይደርሳል። ያን ባዶ ቦታ በምን እንደሞላው ፊልሙ መግቢያው ላይ ጽፎታል፦ ጥንታውያኑ ጸሐፊዎች ፊሎ፣ ጆሴፈስና ዩሴቢየስ፣ እንዲሁም ሚድራሽ የሚባለው የአይሁድ የመጻሕፍት ትርጓሜ።

## አምስተኛ፦ የተሰወሩ ምሳሌዎችን መፈለግ

ኢየሱስ በስሙ የማይታይባቸው፣ ግን ገጸ ባሕርዩ እሱን የሚያስታውስባቸው ፊልሞች አሉ። ተመራማሪው ሎይድ ባው በ1997 ባወጣው መጽሐፍ የኢየሱስ ፊልምና የክርስቶስ አምሳያ ፊልም የተለያዩ ዘርፎች መሆናቸውን አስረድቷል። በሁለቱ መካከል የሚቆምም አለ። በ1989ቱ የካናዳ ፊልም «የሞንትሪያሉ ኢየሱስ» አንድ ወጣት ተዋናይ የሕማማት ድራማ ሲያዘጋጅ ሕይወቱ ቀስ በቀስ ወንጌሉን እየመሰለ ይሄዳል። ሲሞት ልቡ ለአንድ ሰው፣ ዓይኖቹ ለአንዲት ሴት ይሰጣሉ። ትንሣኤን እንዲህ ማሰብ ያከራክራል፤ ለመወያየት ግን ግሩም ነው።

ቀላል ይመስላል፤ ግን በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። እጁን የዘረጋ ሁሉ መስቀል ላይ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጀግና ሁሉ ክርስቶስ አይደለም። የእኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ተለይቶ የሚታወቅ፣ ደጋግሞ የሚመጣና ሲነሳ ታሪኩ የሚፈርስ ምልክት ካልሆነ አልጽፈውም።

## ስድስተኛ፦ ተመልካቹን መጠየቅ

እስካሁን ያየናቸው ፊልሙን ወይም ከፊልሙ ኋላ ያለውን ነው የሚያዩት። ይህኛው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያያል። በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተው የ1979 ፊልም «ኢየሱስ» ከ2,000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ምስሉ አንድ ነው፤ ድምፁና ሰሚው ግን ይለያያል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ኢየሱስ ነው ያየው? መልሱ ፊልሙን ሺህ ጊዜ ቢመለከቱት አይገኝም። ሰው መጠየቅ ነው።

መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ፈቃድ ማግኘት፣ ቃለ ምልልስ መቅዳትና መገልበጥ ወራት ይፈጃል። ጉድጓዱም ግልጽ ነው፦ አሥር ሰው ጠይቆ ስለ «ሕዝቡ» መናገር። አብሯችሁ የሚያመልክን ሰው ብቻ መጠየቅም ያው ነው።

## ፊልም ነው ተከታታይ ድራማ?

ምርጫው እዚህ ላይም ይለወጣል። ፊልም በሁለት ሦስት ሰዓት ይጨርሳል። ተከታታይ ድራማ ግን በየክፍሉ አዲስ ግጭት ይፈልጋል፤ ወንጌሎቹ ደግሞ ያን ያህል ዝርዝር አይሰጡም። የማቴዎስ ጥሪ በማቴዎስ 9፥9 አንድ ቁጥር ነው። በዳላስ ጄንኪንስ ተከታታይ ድራማ «ዘ ቾዝን» ግን ማቴዎስ ልማዱ፣ ከወላጆቹ ጋር ያለው ቅራኔ፣ የኦቲዝም ጠባይ ያለው አነጋገሩ ሳይቀር ተሥሏል። ጴጥሮስ የግብር ዕዳ ያስጨንቀዋል። ብዙው ነገር ፈጠራ ነው፤ ፈጠራ መሆኑንም አዘጋጆቹ አይደብቁም።

የገንዘቡም ነገር ጥናት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠራው ከ16,000 በላይ ሰዎች ካዋጡት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገንዘብ ነው። ተመልካቹ አስቀድሞ ከፍሎ ያሠራው ድራማና ስቱዲዮ የሠራው ፊልም ለተመልካቹ ያላቸው ታማኝነት አንድ ዓይነት አይሆንም። ለዚህ ጥያቄ ሦስተኛውና ስድስተኛው መንገድ ይሻላሉ።

ተከታታይ ድራማ የምታጠኑ ከሆነ ሁሉንም ክፍል ለመጨበጥ አትሞክሩ። አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉ፤ ወይም አንድ ክፍል ወስዳችሁ እስከ ሥሩ ቆፍሩት።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | የሚመልሰው ጥያቄ | የሚጠይቀው እውቀት | ጊዜና ወጪ | ጉድጓዱ |
|---|---|---|---|---|
| ማመሳከር | ምን ተጨመረ፣ ምን ቀረ? | ጽሑፉን ማወቅ | ቀናት፤ ወጪው ትንሽ | ስህተት ቆጠራ |
| የፊልም ቋንቋ | ምስሉና ድምፁ ምን ይላሉ? | የፊልም ሙያ መሠረት | ሳምንታት፤ መጠነኛ | መጽሐፉን መርሳት |
| ዘመኑ | ለምን ያኔ፣ ለምን እንዲህ? | የታሪክ ጥናት፣ ማኅደር | ወራት፤ ከባድ | ሁሉን ፖለቲካ ማድረግ |
| የአቀባበል ታሪክ | ታሪኩ በማን እጅ አልፎ መጣ? | ሰፊ ንባብ፣ ቢቻል ጥንታዊ ቋንቋ | ወራት፤ መካከለኛ | ማስረጃ የሌለው ሰንሰለት |
| የተሰወረ ምሳሌ | ታሪኩ በሌላ ስም አለ? | ሁለቱንም በደንብ ማንበብ | ሳምንታት፤ ትንሽ | የሌለውን ማየት |
| ተመልካች | ሰዎች ምን አዩ፣ ምን ተረዱ? | የመጠይቅና የቃለ ምልልስ ሙያ | ወራት፤ ከባድ | በጥቂት ሰው ብዙ ማውራት |

## ታዲያ ለማን የትኛው?

አንድ ምሽት ብቻ ያለው የጥናት ቡድን ከሆነ፣ ማመሳከር በአንድ ትዕይንት። ፊልሙን ሙሉ አታሳዩ። አሥር ደቂቃ አሳዩና ጥቅሱን አንብቡ፤ «ይህን ማን ነገረን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ የልደቱ ትዕይንት ሁልጊዜ ይሠራል።

ለአንድ ኮርስ አጭር ጽሑፍ ማቅረብ ያለበት ተማሪ ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል። በሦስት ፊልም የሚገኝ አንድ ትዕይንት ይበቃዋል። የሚቃጠለውን ቁጥቋጦ የጠቀስኩት ለዚሁ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አራተኛውን ምረጡ፤ ማመሳከሩን እንደ መጀመሪያ ምዕራፍ ተጠቀሙበት። አንድ ሰው ወይም አንዲት ሴት ያዙ፤ ቤርሳቤህን፣ መግደላዊትን፣ ይሁዳን። «ኢየሱስ በፊልም» የሚል ርዕስ ግን አትንኩ፤ ዕድሜ ልክ ይበላል። መስኩን ለመተዋወቅ የአዴል ራይንሃርትዝ ሥራዎች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁር ሆና ፊልምንም በቁም ነገር የምታነብ ናት።

ማኅደር ያለበት ከተማ የሚኖር ወይም የዘመኑን ጋዜጦች በኢንተርኔት ማግኘት የሚችል፣ ታሪክም የሚወድ ሰው ወደ ሦስተኛው ይሂድ። የማኅበረሰብ ጥናት ሥልጠና ያለው ወደ ስድስተኛው። አምስተኛውን ብቻውን ለማንም አልመክርም፤ ከሁለተኛው ጋር ተጣምሮ ግን ይሠራል።

ገንዘብ ለጠበበበት ሰው ድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች አሉ። የሲድኒ ኦልኮት የ1912 ፊልም ኢየሱስን ለመሣል እስከ ግብፅና ፍልስጤም ሄዶ የተቀረጸ ነው፤ የባለቤትነት መብቱም ስላለፈ በነፃ ይታያል። ለሁለተኛውም ለአራተኛውም መንገድ ይሆናል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያያችሁት የትኛውን እትም እንደሆነ ጻፉ። የዴሚል የ1927 «ንጉሠ ነገሥታት» 155 ደቂቃ የሆነ ረጅም ቅጂና 112 ደቂቃ የሆነ አጭር ቅጂ አለው። የጊብሰን ፊልምም በ2005 ጭካኔው ተቀንሶ እንደገና ታይቷል። ግርፋቱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የምትጽፉ ከሆነ፣ አንባቢያችሁ ያንኑ ቅጂ ከፍቶ ሰዓቱን ማረጋገጥ መቻል አለበት።